«እንደ እናንተው ነኝ» የሚል ሁሉ ዋስ ይጥራ

ለአዲስ ዘመን ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ፤

ክቡር ሆይ፤

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ቅዳሜ በከተማችን በደብረ ብርሃን ከገበያ ስመለስ ያጋጠመኝ ነገር ነው። የጧቱ ውርጭ ገና አልለቀቀም ነበርና እጄን ላሙቅ ብዬ ከአንድ ሻይ ቤት ገባሁ። ከአጠገቤ የተቀመጡ ሦስት ወጣቶች አንደኛው በያዘው የእጅ ስልክ ላይ አቀርቅረው ይመለከታሉ። ጥቂት ቆይቶ ባለ ስልኩ ወደ እኔ ዘወር አለና «አባባ፤ እስቲ እርስዎም ይመልከቱት፤ ይህ ሰው እኮ እንደ እኛው ነው» ብሎ አቀረበልኝ።

በስልኩ ላይ የሚታየው አንድ የፖለቲካ ሰው ነው። ስሙን ማንሣት አያስፈልገኝም። የምጽፈው ስለ አንድ ሰው ወይም ስለ አንድ ፓርቲ ሳይሆን በየወገኑ ስለሚታይ ልማድ ነውና። ሰውዬው ጋቢ ደርቦ ከገበሬዎች ጋር ቆሎ ይቆረጥማል፤ ቀጥሎም ይነሣና እርፍ ይጨብጣል፤ የገበሬ ልጅ እንደ ሆነና የደሀን ችግር ከመጽሐፍ እንዳልተማረው ይናገራል። ስልኩን የሰጠኝ ልጅ ዓይኑ እንባ አቅርሮ አየሁት።

እኔም የገበሬ ልጅ ስለ ሆንሁ ዓይኔ የሄደው ወደ እጁ ነው። ሰውዬው እርፉን በሁለት እጁ ጨብጧል። አራሽ ግን እርፉን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ጅራፉን ይይዛል እንጂ ሁለቱንም እጁን ለእርፉ አይሰጥም። ይህን ብነግራቸው ሁለቱ ሣቁ። ያ እንባ ያቀረረው ልጅ ግን አልሣቀም። «ታዲያ አባባ፤ በደንብ ቢይዘው ኖሮ ያምኑት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጥያቄው ከበደኝ። የሚሆን መልስ ሳልሰጠው ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ሳወጣና ሳወርድ ሰነበትሁ። መልሴም «አላምነውም ነበር» የሚል ነው። ለምን እንደ ሆነ ለእርሱም ለእኩዮቹም በዚህ ዓምድ ላስረዳ ስለ ፈለግሁ ክቡር አዘጋጅ ቦታ እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ልበል። በአገራችን ታሪክ ከተራ ሰው መወለድ ለገዢ መመኪያ ሆኖ አልኖረም። ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው ያዋርዷቸው የነበረው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ነው። እሳቸውም አለባበሳቸው እንደ ተራ ወታደር ቀላል እንደ ነበረ የጊዜው ሰዎች ጽፈዋል፤ ሆኖም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ሥልጣናቸውን ያጸኑት በንጉሥ ዘርነት እንጂ በኮሶ ሻጭ ልጅነት አልነበረም። ወደ ሸዋ ዘምተው፣ ንጉሥ ኃይለ መለኮትም በዚያው በ1848 ዓ.ም. ሞተው፣ ሕፃኑ ምኒልክ ወደ መቅደላ በተወሰዱ ጊዜ የሸዋ ሰው የተገዛው ለኃይላቸው ነው። እንግዲህ ያን ጊዜ ስድብ የነበረው ነገር በእኛ ዘመን ማሞገሻ ሆኗል። ይህ መለወጡ በራሱ መልካም ነው። ሰው በአባቱ ስም የማይመዘንበት ጊዜ መምጣቱን የሚጠላ ሰው የለም። ችግሩ የሚጀምረው ስድብ የነበረው ነገር ወደ ሥልጣን መወጣጫ መሰላል ሲሆን ነው።

መሰላሉ እንዴት እንደ ተሠራ እኔ ራሴ አይቻለሁ። በ1966 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን የተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ እኔም ትንሽ ተማሪ ነበርሁ። አባቴ በከተማው አቅራቢያ ካለ መንደር የሚኖሩ ገበሬ ሲሆኑ በአንዲት ቁራሽ መሬት ምክንያት ለብዙ ዓመታት ይካሰሱ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ሌሊት ተነሥተው በእግራቸው ይመጡና ከአንድ ባለሥልጣን ደጅ ቆመው ይውላሉ። ባለሥልጣኑ ሲገባ ይሰግዳሉ፤ ሲወጣም ይሰግዳሉ። ስማቸውን ጠርቶ አያውቅም። አንድ ቀን ስንቅ ላደርስላቸው ሄጄ ጸሐፊው «አንተ ሽማግሌ፤ ከደጁ ዞር በል» ሲላቸው ሰማሁ። አባቴ ዞር አሉ፤ እኔን ግን ቀና ብለው ለማየት አፈሩ። ያን ቀን በሆዴ የገባው ነገር እስከ ዛሬ አልወጣም።

ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። «እንደ እናንተው ነኝ» የሚለው ቃል ለምን ሰውን እንደሚማርክ እንድትረዱልኝ ነው። ብዙ የተማሩ ሰዎች ሕዝቡ በጋቢና በቆሎ ይታለላል እያሉ ሲሣቁ እሰማለሁ። ነገሩ ግን የጋቢና የቆሎ ጉዳይ አይደለም። ሰው ከራቡ ይልቅ ንቀቱን ያስታውሳል። ለብዙ ዘመን ሲናቅ የኖረ ሰው አንድ ትልቅ ሰው መጥቶ ከአጠገቡ ሲቀመጥ የሚሰማው ደስታ እውነተኛ ነው። በዚያ ደስታ የሚሣቅ የተማረ ሰው ያንኑ አሮጌ ንቀት ይጨምርበታል እንጂ ከመታለል አያድነውም፤ እንዲያውም ለሚቀጥለው አታላይ መንገድ ይጠርግለታል።

ደርግ የመጣው እንግዲህ ይህ ቁስል ሳይሽር ነው። በሰኔ 1966 ዓ.ም. የተሰበሰቡት ከመቶ የሚበልጡ ወታደሮች ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ያሉ ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው ጎልተው የወጡት ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በትውልዳቸው ከደሀ ቤት የወጡና በሆለታ የሠለጠኑ ወታደር ናቸው። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ተራ ሰው መስለው የመጡ አልነበሩም፤ በእርግጥም ተራ ሰዎች ነበሩ። እርፍ ቢሰጧቸው አያያዙን የሚያውቁ ብዙ ነበሩባቸው። ለልጁ ጥያቄ መልሴ «አላምነውም ነበር» የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕዝቡን እንዴት እንዳናገሩት እናስታውስ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የወሎን ረሀብ የሚያሳየው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር እየተቀላቀለ በቴሌቪዥን ታየ። በእኛ ከተማ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ወሬው ግን በማግሥቱ ከየቤቱ ገባ። በዚያው በመስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው በትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው ተወሰዱ። ረሀቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። ሁለቱን አጎራብቶ ማሳየት ግን ብዙ ንግግር የማይሠራውን ሠራ። ቮልስዋገኗም እንዲሁ። «ከእንግዲህ ትልቅ የለም፤ ትንሽ የለም» የሚለውን ሰው ሁሉ ያለ አስተርጓሚ ገባው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ደስታው ወሰን አልነበረውም። ጭሰኝነት ቀረ፤ የአባቴም ክስ በአንድ ቀን ተዘጋ። ካኪ የለበሰ አንድ ወጣት ወደ መንደራችን መጥቶ አባቴን «አባቴ፤ እርስዎ ይቀመጡ፤ የምቆመው እኔ ነኝ» አላቸው። አባቴ ይህን ቃል ዕድሜያቸውን ሙሉ ደጋግመው ሲያወሩት ኖረዋል። አዋጁ ለገበሬው ያደረገውን በጎ ነገር ዛሬም የምክድ ሰው አይደለሁም። እኔም በሰልፍ ወጥቼ እስኪደክመኝ ድረስ አጨብጭቤአለሁ።

ኋላ ግን ነገሩ ቀስ በቀስ ተለወጠ፤ የተለወጠበትም መንገድ ትምህርት የሚሆን ነው። በመጀመሪያ «እንደ እናንተው ነን» ይሉን ነበር። ቆይተው «እኛ እናንተ ነን» አሉን። ሁለቱ አባባሎች ሲሰሙ አንድ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በመካከላቸው ገደል አለ። «እንደ እናንተው ነኝ» የሚል ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ እኔም እሳሳታለሁና። «እኔ ሕዝቡ ነኝ» የሚል ሰው ግን ሊሳሳት አይችልም። እርሱን የጠየቀ ሕዝብን ጠየቀ፤ እርሱን የተቃወመ ፀረ ሕዝብ ሆነ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ ያህል ሰዎች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ሲገደሉ ብዙዎቻችን «መኳንንት ናቸው፤ ይበላቸው» ብለን ዝም አልን። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ሊቀመንበሩ በአብዮት አደባባይ ቆመው ደም የመሰለ ነገር የተሞሉ ጠርሙሶችን ሲሰብሩ ግን ጠላት ተብለው የሚፈለጉት መኳንንት አልነበሩም። በቀይ ሽብር ያለቁት ወጣቶች ብዙዎቹ የደሀ ልጆች ናቸው። ከእኔ ጋር በአንድ ወንበር ይማር የነበረ ልጅ እናቱ በዚሁ በደብረ ብርሃን ጠላ እየሸጡ ያሳደጉት ነበር። አንድ ሌሊት ወሰዱት፤ ቀረ። በስብሰባ ላይ «የሕዝብ ጠላት» ተብሎ ሲጠራ ሰማሁ። የጠላ ሻጭ ልጅ የማን ሕዝብ ጠላት እንደ ሆነ ብድግ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ያን ቀን ዝም በማለቴ ዛሬም አፍራለሁ።

ስለ አኗኗራቸውም እንመልከት። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ኮሚሽነር የነበሩት ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ከአገር ከወጡ በኋላ በጻፉት መጽሐፍ እንደሚተርኩት በአብዮቱ መጀመሪያ ሙሉ ልብስና ክራባት እንደ ወንጀል ይቆጠር ነበር፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግን ምርጡ ልብስ፣ ምርጡ ቤት፣ ምርጡ መኪናና መጠጥ የባለሥልጣኑ ሆነ። ቃሉም ተለወጠ። «ግርማዊ» እና «ክቡር» ቀርቶ ሁሉም «ጓድ» ተባለ ብለን ደስ ብሎን ነበር። ነገር ግን «ጓድ» የሚለው ቃል ከፊት እንደ ቆመ ከበስተኋላው «ሊቀመንበር»፣ «ዋና ጸሐፊ»፣ «ጠቅላይ አዛዥ»፣ በኋላም ደግሞ «ፕሬዚዳንት» እየተጨመረበት ዜና አንባቢው ስሙን ጠርቶ እስኪጨርስ ድረስ እስትንፋስ ያጥረው ጀመር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመትና የሠራተኞች ፓርቲ ምሥረታ በታላቅ ድግስ ሲከበር በወሎና በትግራይ ሕዝብ በረሀብ ያልቅ ነበር። ከ10 ዓመት በፊት በፊልም ያሳዩን ረሀብና ግብዣ እንደ ገና ተገናኙ፤ የተለወጠው ጋባዡ ብቻ ነው።

ገበሬውም በተሰጠው መሬት ያመረተውን እህል መንግሥት በወሰነው ዝቅተኛ ዋጋ በኮታ እንዲሸጥ ተገደደ፤ ይህም እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት ሲታወጅ ደግሞ ልጁን ሰጠ። አባቴ ገብሳቸውን ለኮታ አስጭነው በመጡ ጊዜ ሚዛኑ ላይ የቆመው ሰው «አንተ ሽማግሌ፤ ዞር በል» አላቸው። ያው ቃል ነው። የተናገረው ግን የመሳፍንት ወገን አልነበረም፤ የጎረቤታችን ልጅ ነበር። ያን ማታ አባቴ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «በሬዬን ለሰው ሳውስ ዋስ እጠይቃለሁ፤ አገሬን ስሰጥ ግን ዋስ አልጠየቅሁም» አሉኝ።

ክቡር አዘጋጅ፤ የደብዳቤዬ ቁም ነገር በዚህ የአባቴ ቃል ውስጥ ነው። በአገራችን ልማድ ገንዘብ ወይም በሬ ሲበደር ተበዳሪው ዋስ ይጠራል። አበዳሪው «አንተም እንደ እኔ ደሀ ነህና እምንሃለሁ» አይልም። ወንድሙም ቢሆን ዋስ ጥራ ይለዋል፤ ወንድሙም አይቀየምም። ዋስ መጥራት ጥርጣሬ ሳይሆን ወግ ነው። «እንደ እናንተው ነኝ» ብሎ የሚመጣ የፖለቲካ ሰው ግን የሚፈልገው ያለ ዋስ እንዲታመን ነው። ጋቢውን በዋስ ፋንታ ያቀርባል።

ይህም የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በጎረቤታችን በኬንያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረጡት ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ በልጅነታቸው በመንገድ ዳር ዶሮ ይሸጡ እንደ ነበረ እየተናገሩ፣ የፓርቲያቸውንም ምልክት የእጅ ጋሪ አድርገው ነው የቀሰቀሱት፤ ከዚያ በፊት ግን ለዘጠኝ ዓመት ያህል የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. አዲስ የግብር ሕግ ሲመጣ ወጣቶች አደባባይ ወጡ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ በመጨረሻ ሕጉ ተሳበ። በአሜሪካም ባለጸጋው ዶናልድ ትራምፕ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በምርጫ ዘመቻ ላይ ሳሉ በአንድ የማክዶናልድ ምግብ ቤት ሽርጥ ታጥቀው ድንች ሲጠብሱ ታይተዋል፤ ምግብ ቤቱ በዚያ ሰዓት ለሌላ ገበያተኛ ዝግ ነበር። ባለጸጋነታቸውን ሁሉ ያውቃል፤ ሆኖም ብዙ ሠራተኛ በዚያ ምስል ደስ አለው። ከዚህ የምንረዳው ሰው በሽርጡ የሚደሰተው እውነት መስሎት ብቻ እንዳልሆነ ነው። ሥራውን ትልቅ ሰው ስላላፈረበት ደስ ይለዋል።

«ታዲያ ቀላል ኑሮ የሚኖር መሪ ሁሉ አታላይ ነውን?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። በደቡብ አሜሪካ የኡራጓይ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሆሴ ሙሂካ ከ2002 እስከ 2007 ዓ.ም. በሥልጣን ላይ ሳሉ በትንሽ የእርሻ ቤታቸው ይኖሩ፣ ከደመወዛቸው አብዛኛውን ለበጎ አድራጎት ይሰጡና በአሮጌ ቮልስዋገን ይሄዱ ነበር። ሰውዬው በ2017 ዓ.ም. ሲሞቱ ዓለም ያደነቃቸው በዚህ ነው። እኔ ግን ከሁሉ የማደንቀው አምስት ዓመታቸው ሲያልቅ ሥልጣኑን አስረክበው ወደ ቤታቸው መሄዳቸውን ነው። በሥልጣን ዘመናቸውም ምክር ቤት ይጠይቃቸው፣ ጋዜጣ ይተቻቸው፣ ፍርድ ቤትም ይፈርድ ነበር። እንግዲህ አንዲት ቮልስዋገን በአዲስ አበባ ንጉሥ ወሰደች፤ ሌላዋ በሞንቴቪዴዎ ፕሬዚዳንት አመላለሰች። መኪናዋ ያችው ናት፤ ልዩነቱ ዋስ መኖሩና አለመኖሩ ነው።

የፖለቲካ ሰው ዋስ ምንድን ነው ቢሉ እንዲህ እላለሁ። ቢበድል የሚጠራው ፍርድ ቤት፣ ሲሠራ የሚጠይቀው ምክር ቤት፣ ስሕተቱን የሚጽፍ ጋዜጣ፣ የሚያበቃበትም የተወሰነ ቀን ነው። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፤ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ደግሞም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን። በእነዚህ በሁለቱ ተረቶች እስከ ኖርን ድረስ ባለ ዘውድ ቢመጣ ባለ ካኪ፣ ባለ ካኪ ቢሄድ ባለ ጋቢ፣ ነገሩ ያው ነው። ኮሎኔል መንግሥቱን ሕዝብ በድምፅ አላወረዳቸውም፤ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደርስባቸው ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። ፍርድ ቤት በሌሉበት ጥፋተኛ ያላቸው በ1999 ዓ.ም. ነው። ዋሱ በ1967 ዓ.ም. ተጠርቶ ቢሆን ኖሮ ያ የጠላ ሻጭ ልጅ ዛሬ እንደ እኔ ሽማግሌ በሆነ ነበር።

ዛሬ ግን የምንጠይቅበት ሕግ በጽሑፍ አለን። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ባለሥልጣንም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንዲሆን፣ ሕዝብም በተወካዩ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። ይህ አንቀጽ ተጽፎ መቀመጡ ብቻውን ዋስ አይሆንም፤ ዋስ የሚሆነው ስንጠራው ነው። ስለዚህ በሻይ ቤት ያገኘሁህ ልጄ፤ እንባህን አልነቅፈውም። እኔም በአንተ ዕድሜ አልቅሻለሁ። ደግሞም ያ ሰው ቅን ሊሆን ይችላል። ወደ ቀበሌው ስብሰባ ሲመጣ ግን ቆሎውን አብረኸው ብላና እጅህን አውጥተህ ጠይቀው። ባለፈው የተያዘው የውኃና የመንገድ ገንዘብ የት ደረሰ? የሚቃወምህን ሰው ምን ብለህ ትጠራዋለህ? የምትወርደው መቼ ነው? ቅን ከሆነ ይመልስልሃል፤ ዋስ ስለ ተጠየቀም አይቀየምም። «እኔን መጠየቅ ሕዝብን መድፈር ነው» ካለህ ግን ጋቢው የማን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ታውቃለህ።

እኔ በ1969 ዓ.ም. በዚያ ስብሰባ ላይ እጄን አላወጣሁም። አንተ አውጣ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የዘወትር አንባቢ
ከደብረ ብርሃን